ዳጉሳ፤ የክፉ ቀን ስንቅ



ዕድር ማለት ለክፉ ቀን አስቀድሞ ማስቀመጥ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በዚህች አጭር ጽሑፍ ስለ ዳጉሳ ልናወሳ የወደድነውም ይህ እህል በገበሬው ጎተራ ውስጥ ያንኑ ሥራ ሲሠራ የኖረ ስለሆነ ነው።

ከተሜው ዳጉሳ ሲባል ቶሎ የሚታወሰው ጠላና አረቄ ነው። ለለቅሶ የምንቀቅለው ንፍሮ የስንዴና የባቄላ ስለሆነም ዳጉሳ በድንኳናችን አይታይም። በጎጃም፣ በጎንደርና በትግራይ ግን እንጀራም፣ ቂጣም፣ ገንፎም ነው። ብቻውን ወይም ከጤፍ ጋር ተደባልቆ ይጋገራል።

ታሪኩ እንደ ፍሬው ደቃቅ አይደለም። ሳይንሳዊ መጠሪያው ከስሪላንካ ቋንቋ የተወሰደ በመሆኑ ቀድሞ የሕንድ እህል ነው የሚሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችንን የጎበኘው ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ግን ከኢትዮጵያ ጥንታዊ ሰብሎች መካከል ቆጠረው። የኋላ ጥናቶችም ዳጉሳ መጀመሪያ የለማው ከኢትዮጵያ እስከ ኡጋንዳ ባለው ደጋ መሆኑን አረጋግጠዋል። ሕንድ የደረሰው ከዚህ ተሻግሮ ነው፤ እዚያም ራጊ ይሉታል።

ገበሬው ዳጉሳን የሚያከብርበት ምክንያት አለው። ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም፤ በደረቅ ጎተራ እስከ 10 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ሌላው እህል ሲነቅዝ ወይም ዝናብ ሲጠፋ፣ ቤተሰቡን የሚያበላውም ለዘር የሚተርፈውም እሱ ነው።

ስለ ምግብነቱም ቢሆን በ100 ግራም ዳጉሳ ውስጥ 340 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም አለ፤ ይህም ከስንዴም ከሩዝም በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እርግጥ በገለባው ያለው ነገር ሰውነት ማዕድኑን በሙሉ እንዳያገኝ ይይዘዋል። ማብቀልና ማቡካት ግን ይህን ይቀንሰዋል። እናቶቻችን እኮ ላቦራቶሪ ሳያዩ ብቅሉን ሲያበቅሉ፣ ሊጡን በእርሾ ሲያቦኩ ኖረዋል!

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. 2023ን ዳጉሳንና እሱን የመሰሉ ደቃቅ እህሎች የሚታሰቡበት ዓመት አድርጎ ነበር። ዓለም ያስታወሰውን እኛ ብንረሳው ያሳፍራል። ሙያው ዛሬም በየቤታችን ባሉ አረጋውያን እናቶች እጅ አለ። ስለዚህ አባላት ሆይ፣ ሳይመሽ ጠይቀን እንማር፤ ዕድራችን ሰው ይቅበር እንጂ ሙያን አብሮ አይቅበር።