ከአረሩ ግርጌ፦ ስናድር፣ ውጅግራና የካማሺ ቆላ



የጦር መሣሪያ ታሪካችንን ስንተርክ ዘወትር የምንቆጥረው ጠመንጃ ነው። ዛሬ ግን ዐይናችንን ወደ አረሩ፣ ከአረሩም ወደ ግርጌው ዝቅ እናድርግ።

ድቡልቡል አረር በአፈሙዝ እንዲገባ ከቧንቧው መጥበብ ነበረበት፤ ስለዚህ ሲተኮስ እየተላተመ ወጥቶ ዒላማውን ይስታል። ውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ በተቀረጸበት ነፍጥ ደግሞ አረሩ ካልጠበቀ አይሽከረከርም፤ ከጠበቀም ለማጉረስ ጊዜ ይፈጃል። ፈረንሳዊው መኮንን ሚኒዬ እ.ኤ.አ. በ1849 ያወጣው ሾጣጣ አረር ይህን ችግር አቃለለ። ግርጌው ጎድጓዳ ስለሆነ በቀላሉ ይጎርሳል፤ ሲተኮስም የባሩዱ ግፊት ጠርዙን አስፍቶ ከቦዩ ጋር ያጣብቀዋል።

ነገሩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አሠርተዋል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. እሮጌ ላይ የገጠማቸው የእንግሊዝ እግረኛ የያዘው ግን ስናድር ነበር፤ ከኋላ የሚጎርስ፣ የአረሩም ጎድጓዳ ግርጌ በሸክላ ውታፍ የተደፈነ። በዚያ ቀን ከኢትዮጵያውያን ወገን 700 ገደማ ሰው ወደቀ፤ ከእንግሊዝ ወገን ቆስለው በኋላ የሞቱት 2 ብቻ ነበሩ። ግርጌው ብቻውን ድሉን አላመጣም፤ ነገር ግን ፍጥነትንና ዒላማን ያስታረቀው ያ የጣት ጫፍ የሚያህል እርሳስ ነው።

ከዚያ በኋላ በ1874 እ.ኤ.አ. የተሠራው የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃ «ውጅግራ» ተብሎ አገራችን ገባ፤ ዐድዋም ላይ ተዋጋ። ከኋላ ስለሚጎርስ አረሩ ከመጀመሪያው ቧንቧውን ሞልቶ ይሠራል፤ ጥልቅ ጎድጓዳ ግርጌ አላስፈለገውም። የናስ ቀለሁም ተለቅሞ በአገር ባሩድና በቀለጠ እርሳስ ዳግም ይሞላ ነበር። ይሁን እንጂ ከአፈሙዝ መጨረሻ የሚለየው የአረሩ ግርጌ ነው። ግርጌው ከተሸራረፈ ወይም ከተንሻፈፈ ጋዙ በአንድ ወገን ቀድሞ ያመልጣል፤ አረሩም ይዘማል። ስለዚህ በእጅ የተሞላ ጥይት ቢተኮስም እንደ ፋብሪካው አይታመንም። ደህና ጥይት በገበያ እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ እስከ መሆን የደረሰውም ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ወደ ካማሺ ልመለስ። ራስ መኮንን በ1890 ዓ.ም. ወደ ቤኒሻንጉል ሲዘምቱ የያዙት ጦር በእንዲህ ያለ ጠመንጃ የታጠቀ ነበር። በአባይና በደዴሳ ቆላ የሚኖረው የጉሙዝ ሕዝብ መመከቻ ግን ቀስት ነበር። ከደጋውም ከሱዳን ወሰንም የሚመጣው የባሪያ ፈንጋይ ይህን ልዩነት ጠንቅቆ ያውቀዋል። ቀስተኛው ፍላጻውን ከመንደሩ ያገኛል፤ ጥይት ግን ከባሕር ወደብ፣ በቤተ መንግሥትና በነጋዴ እጅ አልፎ የሚመጣ ነው። ለዚያ መንገድ ቅርብ የሆነው ፈነገለ፤ ሩቅ የሆነው ተፈነገለ።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ በአንድ ዘመን ስንት ጠመንጃ እንደ ነበረ ስታጠኑ ሁለተኛውን ጥያቄ አትዝለሉት፦ ጥይቱን ማን ይሠራው ነበር? ማንስ ዘንድ ሳይደርስ ቀረ?