የሲካዳው ምርቃና

እ.ኤ.አ. በ1851 በአሜሪካዋ ፊላዴልፊያ ዛፍ ያለበት ሰፈር ሁሉ በጩኸት ተሞላ። ሲካዳ የተባሉት ክንፋም ነፍሳት ለ17 ዓመት ከመሬት በታች የዛፍ ሥር እየመጠጡ ኖረው በአንድ ጊዜ የሚወጡበት ዓመት ነበር። ብርሃን ካዩ በኋላ ዕድሜያቸው የሳምንታት ነው። ወንዶቹ ይዘምራሉ፤ ሴቶቹ በክንፋቸው ቀጭ የሚል ድምፅ አሰምተው ፈቃዳቸውን ይገልጻሉ፤ ይራባሉ፤ ይሞታሉ።

ሐኪሙና የተፈጥሮ ተመራማሪው ጆሴፍ ሌዲ በዚያው ዓመት ከመረመራቸው ሲካዳዎች መካከል እንግዳ ነገር ያለባቸው ነበሩ። የሆዳቸው የኋለኛ ክፍል ደረቅ ብናኝ ሆኗል፤ እነሱ ግን በሕይወት አሉ። ሌዲ በ1858 ሃድሮሳውረስ የተባለውን ዳይኖሰር ለሳይንስ ያስተዋወቀ ሰው ነውና በዳይኖሰሩ አጽም እንጂ በዚህች ትንሽ ግኝቱ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ለብናኙ ባለቤት ስም የወጣለትም ቆይቶ ነው። በ1879 የኒውዮርክ ግዛት የዕፅዋት ሊቅ ቻርልስ ፔክ ማሶስፖራ ሲካዲና ብሎ መዘገበው። ጥገኛ ፈንገስ ነው።

ሥራው ረቂቅ ነው። ለዓመታት አፈር ውስጥ ያደረው ስፖር፣ ጮርቃው ሲካዳ ከመሬት ሲወጣ ይይዘዋል። ፈንገሱ ሆዱ ውስጥ ያድጋል፤ ሲበስል የሆዱ ቀለበቶች ከነብልቱ እየተቆረሱ ይወድቁና በቦታው የታመቀ የስፖር ድፍን ይቀራል። ሲካዳው ግን አይተኛም፤ ይሄዳል፣ ይበራል፣ በየደረሰበት ስፖር ይረጫል። በሐሩር ደኖች የሚገኘውና ኦፊዮኮርዲሴፕስ የሚባለው ዝነኛ የጉንዳን ፈንገስ ጉንዳኗን ቅጠል አስነክሶ ይገድላትና ከሬሳዋ ላይ ይበቅላል። ማሶስፖራ የያዘውን በቁሙ ነው የሚያሠራው፤ በእኔ ሚዛን ከሁለቱ ይህኛው ይከፋል።

እስከ የት ድረስ እንደሚያሠራው የታየው በ2018 ነው። ጆን ኩሊና ባልደረቦቹ በመጀመሪያው ዙር፣ ማለትም ከመሬት ሲወጡ ከአፈሩ ስፖር፣ የተለከፉ ወንድ ሲካዳዎች የሌላ ወንድ ዜማ ሲሰሙ እንደ ሴት በክንፋቸው ቀጭ እያሉ እንደሚመልሱ አሳወቁ። ጤነኛው ወንድ ሴት ያገኘ መስሎት ይቀርባል፤ የሚያተርፈው ፈንገሱን ነው። የተለከፈው ወንድ ሴቶችን መፈለጉንም አልተወም። ብልት ለሌለው ፍጡር ምን ይፈይድለታል? ለእሱ ምንም፤ ለፈንገሱ ግን ሁለት በር ተከፈተለት። በሁለተኛው ዙር፣ ማለትም ከሌላ ሲካዳ፣ የተለከፉት ይህን የሴት ምልክት አያሳዩም። ከእነሱ የሚወጣው ስፖር አፈር ገብቶ የሚቀጥለውን ትውልድ የሚጠብቅ ስለሆነ ተጋቢ ማታለል አያስፈልገውም።

በ2016 የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲው የፈንገስ ተመራማሪ ማት ካሰንና ቡድኑ የተለከፉ ሲካዳዎችን ሰበሰቡ። ኬሚካላቸው ተለይቶ ውጤቱ በ2019 ሲታተም ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚያውቀው ዘመድ ብቅ አለ፤ ካቲኖን። ጫት ቃሚን የሚያመረቅነው ንጥረ ነገር ነው። በምዕራብ አሜሪካ ሌሎች ሲካዳዎችን የሚይዙት የማሶስፖራ ዘመዶች ውስጥ ደግሞ ሲሎሲቢን ተገኘ፤ ይህ በአንዳንድ እንጉዳዮች የሚታወቀው ቅዠት አምጪ ኬሚካል ነው። ሁለቱም በአሜሪካ ሕግ ጥብቅ ቁጥጥር ያለባቸው ናቸው።

ካቲኖን የራሱ ታሪክ አለው። ቅጠሉ ከተቀነጠሰ በኋላ ቶሎ ይፈርስና ካቲን ወደሚባል ደካማ ቅርጽ ይለወጣል። ኬሚስቶች ለረጅም ጊዜ የደረቀ ጫት ሲመረምሩ ጎልቶ የሚያገኙት ይህንኑ ካቲን ነበር፤ ካቲኖን ተለይቶ የወጣው በ1975 በተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ቤተ ሙከራ ነው። ቀደም ብለው የአወዳይን የጫት ነጋዴ ቢጠይቁት ኖሮ ጫት በቅጠል ተጠቅልሎ መኪናው እንደዚያ የሚከንፈው ለምን እንደሆነ ባስረዳቸው።

ተክልና ፈንገስ በዝምድና እጅግ የተራራቁ ሆነው አንድ ዓይነት ኬሚካል ላይ መድረሳቸው ብቻውን ድንቅ ነው። ካቲኖን በሰው ላይ ድካምን ያስረሳል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ሆዱ የተቆረሰ ሲካዳ ሳያርፍ የሚበርበትን ምክንያት በዚህ መገመት ይቀላል። አንዳንድ መገናኛ ብዙኃንም ግምቱን እንደ ውሳኔ ወስደው «ሱሰኛ ሲካዳ» እያሉ ጻፉ። ቸኩለዋል። ኬሚካሉ መኖሩ ታውቋል፤ ጠባዩ መለወጡም ታይቷል፤ አንዱ የሌላው መንስኤ መሆኑ ግን በቀጥታ ሙከራ አልተረጋገጠም። ፈንገሱን በቤተ ሙከራ ማሳደግ አስቸጋሪ ነው፤ በ2016 የወጡት የዌስት ቨርጂኒያ ሲካዳዎች ልጆችም ከመሬት የሚወጡት በ2033 ነው።