የኮሶ ዛፍና የእናቶቻችን ልክ

ከሮቤ ወደ ጎባ፣ ከጎባም ወደ ሳነቴ የሚወጣውን መንገድ የማታውቅ የማኅበራችን አባል ያለች አይመስለኝም። በሮቤ ዙሪያ የሚታየው የስንዴና የገብስ ማሳ ነው። ጎባን አልፎ ዳገቱ ሲጀምር ግን ኮሶና አምጃ ይመጣሉ፣ ከፍ ሲልም አስታ። ስለ ባሌ ተራሮች የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ ስለ ቀይ ቀበሮና ስለ ደጋ አጋዘን ነው። እኔ ዛሬ ስለ ኮሶ ልጻፍ።

በኦሮምኛ ሄጦ ይባላል። በአማርኛ ኮሶ ስንል ዛፉንም፣ መድኃኒቱንም፣ ጥሬ ሥጋ ከበላ ሰው ሆድ የሚገኘውንም ትል ማለታችን ነው። ዛፉ ወንድና ሴት አለው፤ አንዱ ዛፍ ወንዴ አበባ ብቻ፣ ሌላው ሴቴ አበባ ብቻ ያወጣል። ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ ያለው፣ እንደ ዘለላ ወደ ታች የሚንጠለጠለው የሴቴዋ አበባ ነው። ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውኃ ወይም በጠላ ይበጠበጣል፣ በባዶ ሆድ ይጠጣል። መራራነቱን ለማስረዳት ከራሱ ከኮሶ የተሻለ ምሳሌ የለንም። በድሮው ልማድ በየወሩም በየሁለት ወሩም የሚጠጣው ሰው ብዙ ነበር፤ «ዛሬ ኮሶ ጠጥቻለሁ» ያለ ሰው ሥራ አይታዘዝም፣ እንግዳም አይቀበልም።

በየቤቱ ወቅጠው የሚያቀርቡት በአብዛኛው እናቶች ነበሩ። ትልቁ ዕውቀት ደግሞ መውቀጡ ሳይሆን ልኩ ነው። ኮሶ ሲበዛ ይጎዳል፣ ዓይን ያጠፋል፣ ሰውም ይገድላል፤ ለነፍሰ ጡር ደግሞ ፈጽሞ አይሰጥም፣ ፅንስ ያስወርዳልና። ለልጅ ስንት እፍኝ፣ ለደካማ ስንት፣ ያለፈው ዓመት አበባ ከዘንድሮው በምን ይለያል የሚለውን ያወቁት በእጅና በዓይን ነው። (ይህን የማነሣው ማንም ሄዶ እንዲጠጣ አይደለም። ጤና ጣቢያ ያለው ኪኒን ከኮሶ ይሻላል።)

ዛፉን ለአውሮፓ በመጽሐፍ ያስተዋወቀው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 አገራችን ቆይቶ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ኮሶን ገለጸ፤ ስሙንም በእንግሊዛዊው ወዳጁ በጆሴፍ ባንክስ ሊሰይመው ፈለገ። በዓመቱ ጀርመናዊው ግሜሊን የኮኒግስበርጉን ሊቅ ሃገንን ለማክበር «ሃጌኒያ» አለው፤ ዛሬም በሳይንስ የሚጠራው በዚሁ ነው። በ1820ዎቹ ደግሞ ብራየር የሚባል በቁስጥንጥንያ የነበረ ፈረንሳዊ ሐኪም አበባውን ወደ ፓሪስ ስላደረሰ «ብራዬራ» የሚል ሌላ ስም ተጨመረለት። ከዚያ ወዲያ ኮሶ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች የሚሸጥ ዕቃ ሆነ፤ በ1864 በታተመው የእንግሊዝ መንግሥት የመድኃኒት መዝገብም ገባ። ባንክስ፣ ሃገን፣ ብራየር፤ ሦስቱም ስማቸው በታሪክ አለ። ልኩን ያወቀችው ሴት ስም ግን የትም አልተጻፈም።

የእንዶድም ነገር እንዲሁ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አየ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ስለሆኑ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የብዙ ዓመት ምርምር አደረገበት፤ በ1989ም ሁለቱ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተሸለሙ። የሚገባቸው ሽልማት ነው። በ1990ዎቹ ግን በአሜሪካ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ የውኃ ቧንቧ የሚደፍን ቀንድ አውጣ መሰል እንስሳን በእንዶድ ለማጥፋት የባለቤትነት መብት አወጣ። አጣቢዎቹ ከዚህ ምን አገኙ?

ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ሕግ የወጣው በ1998 ዓ.ም. ነው። አዋጅ ቁጥር 482 ማንም ሰው የማኅበረሰብን ዕውቀት ሳያስፈቅድ እንዳይወስድ ይከለክላል፤ መንግሥት ከጄኔቲክ ሀብቱ ከሚያገኘው ገንዘብም 50 በመቶው ለአካባቢው ማኅበረሰብ እንዲሆን ይደነግጋል። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ፈቃድ ሊሰጥበት የሚችለው አሁንም በሰው ዘንድ ያለ ዕውቀት ነው። ኪኒኑ ከመጣ ወዲህ ኮሶ የሚወቅጥ ቤት አንሷል፤ ልኩን የሚያውቁት አሮጊቶች ናቸው፤ ልጆቻቸውም አይጠይቋቸውም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በዓለም ባንክ ድጋፍ የመድኃኒት ዕፅዋት ጥበቃ ፕሮጀክት ሲቋቋም ከተመረጡት ቦታዎች አንዱ የባሌ ተራሮች ፓርክ አካባቢ ነበር፤ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትም ጎባ ላይ ማዕከል አለው። ሥራው ግን ከዕፅዋቱ ጋር የባለሙያዎቹንም ቃል መያዝ አለበት። የእኛ ማኅበር አባላት በኦሮምኛም በአማርኛም ከእናቶቻችን ጋር ቁጭ ብለን ልንጽፈው የምንችለው ይህን ነው፤ ሰጪውም ፈቅዳ፣ ስሟም ተጽፎ።

ዛፉስ? ፓርኩ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅም ኮሶን ከዋንዛ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር እንዳይቆረጡ ከጠበቃቸው ዛፎች አንዱ አድርጎት ነበር። ይሁንና ቀይ ሳንቃው ለቤት ዕቃ ተፈላጊ ነው። ማገዶ ተሸክመው ወደ ጎባና ወደ ሮቤ የሚወርዱትም ሴቶች ናቸው፤ ይህን ሳንናገር ስለ ደን ጥበቃ ብንጽፍ ለጋሾቻችንን ማታለል ነው። የዕፅዋቱ ዐዋቂና እንጨት ለቃሚዋ ብዙ ጊዜ አንዲት ሴት ናት። ምጣዷን የምታሰማበት ሌላ ማገዶ እስካላገኘች ድረስ ተራራውን ተዪው ማለት ቀላል አይደለም።

ችግኝ ለማፍላት ላሰቡ አባላት አንድ ነገር ልጨምር። ከዘር የበቀለ ኮሶ ሴቴ ይሁን ወንዴ አበባ እስኪያወጣ ድረስ አይለይም፤ ያም ዓመታት ይፈጃል። ወንዴው የለም ካልን ደግሞ ሴቴዋ ዘር አትይዝም። ስለዚህ ሁለቱም እንዲገኙ ብዙ መትከል፣ ዘሩንም ከአንድ ዛፍ ብቻ ሳይሆን ከተለያዩ ዛፎች መልቀም ነው። አበባ ስንለቅምም ዘለላውን እንጂ ቅርንጫፉን አንቁረጥ።