ከነገሌ ቦረና እስከ ናይሮቢ በመኪና፦ ወቅቱ፣ መንገዱና ማህተሙ

ከነገሌ ቦረና ተነስቶ በያቤሎና በሞያሌ አድርጎ ናይሮቢ መግባት አምስት ቀን ቢሰጡት የሚበቃ ጉዞ ነው። በሶስት ቀን የሚጨርሱትም አሉ፤ እነሱ ግን ያዩት አስፋልት እንጂ አገር አይደለም። በዚህ ጽሑፍ መንገዱን ከነወረቀቱ እናሳያችኋለን። ከአዲስ አበባ የምትመጡ ደግሞ በሻሸመኔና በአዶላ በኩል ነገሌ ለመድረስ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ቀድማችሁ ትነዳላችሁ፤ ይሄን ለብቻው ቁጠሩት።

መጀመሪያ የሚወሰነው ወቅቱ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው። "ክረምት ነው፣ ጭቃ ይሆናል" ብሎ ሐምሌና ነሐሴን ይተውና ለፋሲካ ሚያዝያ ላይ ይነሳል። ቦረና ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የደጋው ክረምት እዚያ ደረቅ ነው፣ ሰማዩ ይደምናል እንጂ እምብዛም አይጥልም። ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ቦረናዎች "ገና" ይሉታል (ከልደት በዓል ጋር አታምታቱት)። አጭሩ ዝናብ "ሀገያ" ደግሞ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ይመጣል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው "ቦና" ሞቃትና ደረቅ ነው።

ይሄ ለምን ይጠቅማል? ከነገሌ ወደ ያቤሎ የሚወስደው መንገድ ፒስታ ነው። ዳዋ ወንዝን መልካ ጉባ ላይ ይሻገርና በአሬሮ ጥድ ደን በኩል ያቤሎ ይገባል። በደረቅ ጊዜ ሙሉ ቀን ይበላል። በዝናብ ጊዜ ግን ሲያልፉ አሸዋ የነበረው ደረቅ ወንዝ ማታ ጎርፍ ይዞ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ጎርፍ ካያችሁ ቁሙ፣ ጠብቁ፤ በጥቂት ሰዓት ይጎድላል። ፎር ዊል መኪና፣ ሁለት ስኮርታና ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ አምስት ሊትር ውሃ ያዙ። ውሃ ከመንገድ ዳር መንደር እጠይቃለሁ ብላችሁ እንዳትነሱ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው የቦረና ከብት የረገፈበት አገር ነው፤ እዚያ አንድ ጀሪካን ውሃ የሚቀዳው በወረፋ ነው።

ነገሌን ሳታዩ እንዳትወጡ። ዛሬ የምሥራቅ ቦረና ዞን ዋና ከተማ ናት፤ በታሪክ ግን ስሟ የገነነው በውሃ ጠብ ነው። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ ጦር ሰፈር የነበሩ ወታደሮች በምግባቸውና በውሃቸው መበላሸት ተማረው አመፁ። ሊያነጋግራቸው የሄደውን የምድር ጦር አዛዥ ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው እነሱ የሚበሉትን አበሉት። አብዮቱን የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከዚህ ይጀምራሉ።

ወፍ የምትወዱ ከሆነ ነገሌ ዙሪያ አንድ ቀን ጨምሩ። ነጭ ቁንጮ ያላትን አረንጓዴ ወፍ፣ የሩስፖሊ ቱራኮን፣ የምታዩት በዚህ አካባቢ ደኖች ነው። ጣሊያናዊው ልዑል ሩስፖሊ በ1893 እ.ኤ.አ. ዝሆን ሲገድለው ወፏ በሰበሰባቸው ናሙናዎች መሃል ተገኘች፤ የት እንደያዛት ግን አልጻፈም ነበር። ያቤሎ አካባቢ ደግሞ በዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ቆዳ ያለው ግራጫ ቁራ መሰል ወፍ አለ። በያቤሎ፣ በአሬሮና በሜጋ ዙሪያ ካልሆነ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኝም። እናንተ ግን ከቁርስ ቤቱ በረንዳ ሆናችሁ ልታዩት ትችላላችሁ።

ከያቤሎ ሞያሌ አስፋልት ነው፣ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ። በሁለት ሰዓት ተኩል ይነዳል፤ እኛ ግን ሙሉ ቀን ስጡት እንላለን። ምክንያቱ ዱብሉቅ ነው። የቦረና ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች፣ "ቱላ" የሚባሉት፣ እዚህ ጎን ለጎን አሉ። ወጣቶች ከታች እስከ ላይ ተደራርበው ቆመው የቆዳ ባልዲ እየተቀባበሉ ውሃ ያወጣሉ፣ ሥራው ምት እንዲይዝ ደግሞ ይዘፍናሉ። ፈረንጆች "ዘፋኝ ጉድጓዶች" የሚሏቸው ለዚህ ነው። ልብ በሉ፦ ዝናብ ሲጥል ከብቱ ከኩሬ ስለሚጠጣ ጉድጓዱ ያርፋል። ዘፈኑን መስማት የሚፈልግ ሰው በደረቅ ወቅት ነው መሄድ ያለበት። መንገዱም ጉድጓዱም አንድ ወቅት ይመርጣሉ ማለት ነው፤ ጥር ወይም ሐምሌ ብትሉ አትሳሳቱም።

ጉድጓዱ ባለቤት አለው። የጎሳ ነው፣ የዕለቱን ወረፋ የሚያስተዳድር "አባ ሄሬጋ" የሚባል ሰውም አለ። ስልካችሁን ከማውጣታችሁ በፊት እሱን ፈልጉ፣ ሰላም በሉ፣ ክፍያውን ተነጋገሩ። ውሃ የሚቀዱት ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው ሊሆን ስለሚችል ሳይፈቀድ ቀርጾ መልቀቅ ነውር ነው። ድሮን ይዛችሁ ከሆነ ቤት ተዉት፤ ኢትዮጵያም ኬንያም ያለፈቃድ አያስበሩም፣ ድንበር አጠገብ ደግሞ ጨዋታ የለም።

ከዱብሉቅ ብዙም ሳይርቅ ኤል ሶድ አለ፤ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ጥቁር የጨው ሐይቅ። ሰዎች እየጠለቁ ጥቁር ጭቃ የመሰለ ጨው ያወጣሉ፣ አህያ ተሸክሞ ዳገቱን ይወጣል። መውረዱ ቀላል ነው፤ መውጣቱን ቀትር ላይ አትሞክሩት። ቀጥሎ ያለችው ሜጋ ነፋሻ ከፍታ ላይ ናት፣ የእንግሊዝ ቆንስላ የነበረባትና በየካቲት 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ጦር ከጣሊያን የወሰዳት ከተማ።

አሁን ሞያሌ። ከሁሉ በላይ እንድታነቡት የምንፈልገው ይሄን ክፍል ነው።

ሞያሌ አንድ ስም ያላት ሁለት ከተማ ናት፣ ግማሿ ኢትዮጵያ፣ ግማሿ ኬንያ። ነዋሪው ለገበያ፣ ለለቅሶ፣ ለሠርግ ወዲህ ወዲያ ይላል። እንግዳ ሰው ይሄን ያይና "ማንም አይጠይቅም እኮ" ይላል። ይጠየቃል፤ የሚጠየቀው ግን እዚያ አይደለም፣ ማርሳቢት ወይም ኢሲዮሎ ኬላ ላይ ነው። ፓስፖርቱ ላይ የኬንያ መግቢያ ማህተም የሌለው ኢትዮጵያዊ በዚያ መስመር ቱሪስት ተደርጎ አይታይም። መንገዱ ደላሎች ወጣቶችን ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚያሻግሩበት መስመር ነው፣ የተያዘም ይታሰራል። "ፓስፖርት አያስፈልግም፣ እኔ አሻግራችኋለሁ" የሚል ሰው ሞያሌ ላይ አይጠፋም። እጁን ጨብጣችሁ እለፉ።

ሕጋዊው መንገድ ደግሞ ከባድ አይደለም። ለኢትዮጵያዊ ኬንያ ቪዛ አያስፈልግም። ከኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሁለቱ አገር ኢሚግሬሽንና ጉምሩክ አብረው የሚሠሩበት የጋራ መቆጣጠሪያ ጣቢያ ተመርቋል። የሚሠራ ፓስፖርትና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይዛችሁ ግቡ፣ መግቢያው መመታቱን እዚያው ገልጣችሁ እዩ።

መኪናው ከሰውየው ይከብዳል። ሊብሬ፣ በሌላ ሰው ስም ከሆነ የተረጋገጠ ውክልና፣ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ፣ የሁለቱም አገር ጉምሩክ ጊዜያዊ ፈቃድና የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ያስፈልጋል። የመጨረሻው ድንበር የሚሻገር የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ነው፤ ከክትባቱ ቢጫ ካርድ ጋር እንዳይምታታባችሁ። ይሄንን አዲስ አበባ ሳላችሁ ጨርሱት፣ ድንበር ላይ ቅዳሜ ከሰዓት አትጀምሩት። ወረቀቱ ካልተሟላ መኪናውን ሞያሌ ጥበቃ ባለው ግቢ አቁሞ በአውቶቡስ መቀጠል ይሻላል፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል።

ኬንያ ስትገቡ ወደ ግራ ቀይሩ። የኛ መሪ በግራ ስለሆነ ከባድ መኪና ስትቀድሙ ጎን የተቀመጠው ሰው ዓይናችሁ ይሁን።

ከሞያሌ ናይሮቢ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ሁሉም አስፋልት። የሞያሌ ኢሲዮሎ ክፍል ከአሥር ዓመት በፊት አካባቢ እስኪያልቅ ድረስ የጭነት መኪና ቀናት የሚፈጅበት ኮረኮንች ነበር። ዲዳ ጋልጋሉ የተባለውን የድንጋይ በረሃ አቋርጣችሁ ማርሳቢት ስትደርሱ ድንገት ጭጋግና ደን ያጋጥማችኋል። እዚያ እደሩ። ጆሞ ኬንያታ በ1970 እ.ኤ.አ. በልዩ ትዕዛዝ ጠባቂ ያስመደቡለት አህመድ የተባለው ባለ ረጅም ጥርስ ዝሆን የኖረው በዚህ ተራራ ነው። በማግስቱ ኢሲዮሎን አልፋችሁ ናንዩኪ ላይ ምድር ወገብን ትሻገራላችሁ፤ ሰማዩ ከጠራ 5,199 ሜትሩ የኬንያ ተራራ ይታያል።

ኬንያ ላይ ገንዘብ ማለት ኤም-ፔሳ ነው። ሲም ካርድ በፓስፖርት አውጡ። ኦሮምኛ የምትችሉ እስከ ኢሲዮሎ ድረስ ብዙም አትቸገሩም፣ ቦረናው ድንበሩ ሁለት በኩል ነው ያለው። ሰዓት ሲነግሯችሁ ግን በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ አስተውሉ። ስዋሂሊ እንደኛ ከጠዋት ይቆጥራል፣ "ሳ ሞጃ" ማለት የኛው አንድ ሰዓት ነው፤ በእንግሊዝኛ ከሆነ ሰባት ይሏችኋል። በዚህ አውቶቡስ ያመለጠው ሰው ጥቂት አይደለም።

ስለ ጸጥታው፦ በጉጂና በቦረና ዞኖች መንገድ አንዳንዴ ይዘጋል፣ በማርሳቢት በኩልም ግጭት የሚነሳበት ጊዜ አለ። የትናንት ዜና አይበቃም። ማታ መናኸሪያ ሂዱና በማግስቱ የሚወጡትን ሹፌሮች ጠይቁ፤ እነሱ ካልወጡ አትውጡ። ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላም አትንዱ፣ በሁለቱም አገር። ያቤሎ ላይ ነዳጅ ሙሉ፣ ሞያሌ ላይ አገኛለሁ ብላችሁ አትተማመኑ። ለመኪናው የተሰጣችሁ የኬንያ ፈቃድ የሚያበቃበትን ቀን ደግሞ ስልካችሁ ላይ አላርም ሙሉበት፣ ካለፈ ቅጣት አለው።