የትኩሳት ምርመራና የጀርሞች ከመድኃኒት ጋር መላመድ፦ መቱን መነሻ ያደረገ ምልከታ

በመቱም ሆነ በጎሬ፣ በሁሩሙና በያዮ፣ እንደ ብዙው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ ትኩሳት ይዞት ጤና ተቋም የሄደ ሰው በመጀመሪያ ለወባ ደም ይሰጣል። ወባ ካልተገኘበት ብዙውን ጊዜ የሚነገረው «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» የሚል ነው፤ ይዞት የሚመለሰውም ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ ነው፣ ባስ ሲልም ሴፍትራያክሶን ይወጋል። የመድኃኒት መላመድ ሲነሳ ወቀሳው በአመዛኙ የሚያርፈው ኪኒኑን አቋርጦ በተወው ሕመምተኛ ላይ ነው። በእኔ እምነት ችግሩ ከዚያ ቀድሞ፣ ከላቦራቶሪው ይጀምራል።

ለታይፎይድ በስፋት የሚሠራበት የዊዳል ምርመራ ባክቴሪያውን ራሱን አያሳይም። የሚፈልገው ሰውነት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህ ደግሞ ቀድሞ ከዳነ ሕመም ሊተርፍ፣ በሌላ ኢንፌክሽን፣ በወባም ጭምር፣ ሊቀሰቀስ ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ «ፖዘቲቭ» የወጣ ውጤት እንግዲህ መድኃኒት ለማዘዝ አያበቃም። የተሻለው መንገድ የደም ካልቸር ነው፤ ጀርሙን አሳድጎ በየትኛው መድኃኒት እንደሚሸነፍ ይለያል። ሆኖም ቀናት ይፈጃል፣ የሠለጠነ ባለሙያና የማይቋረጥ አቅርቦት ይጠይቃል፤ ከትልልቅ ከተሞች ውጪ ባሉ አብዛኞቹ ሆስፒታሎቻችን እንደ ልብ አይገኝም።

ሳያስፈልግ የተወሰደ ሲፕሮፍሎክሳሲን በአንጀት ያሉትን ደካማ ባክቴሪያዎች ጠርጎ መድኃኒቱን ለተቋቋሙት ሜዳውን ይለቅላቸዋል። እነሱም የመቋቋሚያ ዘረ መላቸውን ፕላዝሚድ በሚባል ቅንጣት ለሌሎች ዝርያዎች ሊያስተላልፉ ይችላሉ። መድኃኒቱን በታዘዘው መሠረት ጨርሶ የወሰደ ሰውም ከዚህ አያመልጥም። ሲፕሮፍሎክሳሲንም ሴፍትራያክሶንም የዓለም ጤና ድርጅት በጥንቃቄ እንዲታዘዙ በለየው ምድብ ውስጥ ናቸው። ላንሴት መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ጥናት፣ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ለሚሆን ሞት ቀጥተኛ ምክንያት እንደነበሩ ተገምቷል።

አገራችን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። የመጀመሪያው ብሔራዊ ስትራቴጂ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2017 ብሔራዊ የመድኃኒት መላመድ ቅኝት ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2025 የተዘረጋው ዕቅድም የሰውን፣ የእንስሳትንና የአካባቢን ጤና አንድ ላይ አያይዞ ነበር። ይህ ማያያዝ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ ለከብት በሰፊው በሚሰጥባት አገር ተገቢ ነው፤ በደሌ ላይ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ መኖሩም ለአካባቢው ትልቅ አቅም ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ማዘዣ የሚያስፈልገው መድኃኒት ያለ ማዘዣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሕጉ ትክክል ነው፤ ግን ማዘዣው ራሱ በግምት ከተጻፈ የመድኃኒት ቤቱን መስኮት መጠበቁ ብቻ ምን ይፈይዳል?

ስለዚህ የኦሮሚያ ጤና ቢሮና መቱ ዩኒቨርሲቲ በመቱ ካርል ሪፈራል ሆስፒታል የካልቸር ምርመራ ሳይቋረጥ የሚሰጥበትን በጀትና ባለሙያ ቅድሚያ ይስጡት፤ ውጤቱም ከበደሌው ጋር እየተነጻጸረ ለብሔራዊው ቅኝት ይድረስ። እስከዚያው ሐኪሞቻችን በአንድ የዊዳል ውጤት ብቻ ፀረ ባክቴሪያ ማዘዝን ያቁሙ።