ሕግና በጀት የሠሩት ልዩነት፦ የአሜሪካ ጥቁሮች የሕክምና አገልግሎት ታሪክ

በአሜሪካ በጥቁሮችና በነጮች መካከል በሕክምና አገልግሎት ረገድ የሚታየው ልዩነት ከምን እንደመነጨ ሲጠየቅ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ድህነት ወይም የትምህርት ማነስ የሚል ነው። ታሪኩ ሲመረመር ግን ልዩነቱ በአብዛኛው በሕግና በበጀት የተገነባ ሆኖ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1910 የወጣው የፍሌክስነር ሪፖርት ከሰባቱ የጥቁሮች የሕክምና ት/ቤቶች ሊጠናከሩ የሚገባቸው ሃዋርድና ሜሃሪ ብቻ እንደሆኑ ገለጠ፤ የቀሩት አምስቱ እስከ 1923 ድረስ ተዘጉ። በ1946 የወጣው የሂል በርተን ሕግ ደግሞ ለሆስፒታሎች ግንባታ የመንግሥት ገንዘብ ሲመድብ፣ አገልግሎቱ «እኩል» እስከሆነ ድረስ ሆስፒታሎች በዘር ተለያይተው እንዲሠሩ ፈቀደ።

በሰሜን ካሮላይና የግሪንስቦሮ ከተማ የጥርስ ሐኪም የነበሩት ዶክተር ጆርጅ ሲምኪንስና ባልደረቦቻቸው ባቀረቡት ክስ፣ ፍርድ ቤት በ1963 ይህን ፈቃድ ሻረ። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግም የፌዴራል ገንዘብ በሚቀበሉ ድርጅቶች ዘንድ አድልዎን ከለከለ። በ1966 ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የጤና መድን ሥራ ሲጀምር ይህ ሕግ የክፍያ ቅድመ ሁኔታ በመሆኑ፣ 1,000 ያህል ሆስፒታሎች በጥቂት ወራት ውስጥ በራቸውን ለሁሉም ከፈቱ።

ይሁን እንጂ የበሩ መከፈት ብቻውን ልዩነቱን አላጠፋውም። ሳይሠለጥኑ የቀሩት ሐኪሞች ቦታ በአንድ ውሳኔ የሚሞላ አልነበረም፤ የብዙው ሠራተኛ የጤና መድንም ከቅጥር ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ በሥራ ገበያ ያለው አድልዎ ወደ ሕክምናው ተሸጋገረ። ስለዚህ መምህሩም ሆነ ዕቅድ አውጪው፣ አንድ ሕዝብ ከአገልግሎት ርቆ ሲያገኘው፣ የሕዝቡን ጉድለት ከመቁጠሩ በፊት ገንዘቡ በየትኛው ደንብ ለማን እንደተመደበ መመርመር ይገባዋል።