የሸክላ መርፌና ክንዱ
የሸክላ ሙዚቃ ታሪክ ሲወሳ የድምፃዊው ስም ይነሳል እንጂ የመርፌውን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ካርትሪጅ እምብዛም አይታወስም። የዴንማርኩ ኦርቶፎን እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጣው «ኤስ.ፒ.ዩ.» ግትር መርፌና ከባድ አካል ያለው በመሆኑ ከባድ ክንድ ይሻል። የአሜሪካው ሹር በ1964 ያቀረበው «ቪ-15» ግን መርፌው ልል ስለሆነ 1 ግራም ገደማ ጫና ይበቃዋል፤ የሚስማማውም ቀላል ክንድ ነው። ውዱን ካርትሪጅ ገዝቶ ባገኙት ክንድ ላይ መሰካት የብዙ ሰብሳቢዎች ልማድ ነው። ልሉ መርፌ ከከባድ ክንድ ጋር ሲጣመር የተጣመመ ሸክላ ክንዱን ያወዛውዘዋል፤ ግትሩ በቀላል ክንድ ላይ ሲውል ደግሞ የሁለቱ ንዝረት ወደ ወፍራሙ ድምፅ ተጠግቶ ዜማውን ያደፈርሳል። ጫናን ከልክ በታች መቀነስም ሸክላውን አያድንም፤ መርፌው እየነጠረ ድምፁ የተቀረጸበትን ቦይ ግድግዳ ይፍቃል፤ ዳግም ላልታተመ ሸክላ ይህ ጉዳት መጠገኛ የለውም።